ይግባኝ ወደ ላይ

«ግቡ፣ ግቡ፤ ሬሳው ገና አልወጣም» አለን በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ፣ ጃንጥላዬን ከእጄ እየተቀበለ።

ዞር ብዬ ባየው የባጃጁ ሹፌር የለም፤ አዙሮ ቁልቁለቱን ወርዷል። እኔና አያ ጉናራትና ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰን፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈን፣ የለቅሶ ነጭ ባንዲራ የተሰቀለበት ግቢ በር ላይ ዝናብ እየቀጠቀጠን ቆመናል። ሹፌሩን ልውቀሰው ብል አልችልም። በሐምሌ ወር ከቅዱሱ ተራራ ሥር፣ ናላታኒያ ላይ ሁለት ሰው ለለቅሶም ለተራራም የሚለበሰውን ነጭ ለብሶ «ወደ ላይ ውሰደን» ሲለው ምን ይመስለው? ተራራው ከግንቦት ሙሉ ጨረቃ ወዲህ ተዘግቷል። የደረጃው መብራት ጠፍቷል፤ ሻይ ቤቶቹም ላስቲካቸውን ጠቅልለው ከሄዱ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ለሹፌሩ «ላይ» ማለት የሻይ እርሻው ተቆጣጣሪ የነበሩት ሽማግሌ ሞተው የተኙበት የላይኛው ሰፈር ነው። መንገድ ላይ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «የማን ቀብር?» ስለው፣ «እናንተ ያላወቃችሁትን እኔ ላውቅ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ።

አያ ጉናራትና አንድ እግራቸውን ደጃፉ ላይ አሳርፈው፣ አንዱን ውጭ ትተው ደርቀው ቀሩ። ወደ ቅዱሱ ተራራ የሚሄድ ሰው ለቅሶ ቤት ከረገጠ ረክሷል። ታጥቦ ሳይጸዳ አንዲት ደረጃ አይወጣም።

«ዊጄ፣ እግሬ ገብቷል ወይስ አልገባም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ደጃፍ ላይ ነው አያ። ደጃፍ ደግሞ ቤት አይደለም።»

«ጣሪያው ግን ደጃፉን አልፎ መጥቷል። አየህ? ይሄኛው እግሬ ዝናብ አይነካውም።»

ይህን እየተከራከርን ሳለ አንዲት አሮጊት ከውስጥ ወጥተው እጃቸውን ያዟቸው። «ከየት ድረስ ነው የመጣችሁት በዚህ ዝናብ?» ሲሉ፣ እኔ ሳላስበው «ከፔልማዱላ» አልኩ። «ከፔልማዱላ!» ብለው እንባቸው መጣ። ከዚህ በኋላ «ተሳስተን ነው» የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ገባን፤ ተቀመጥን። ብስኩትና ለስላሳ ቀረበልን። አሮጊቷ አያ ጉናራትናን «ባለቤቴን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቋቸው?» ብለው ጠየቋቸው። አያ ደግሞ ውሸት አያውቁም።

«ዛሬ ነው ያወቅኳቸው» አሉ።

አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቁጭ አልን።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አያ ጉናራትና ጎረቤቴ ናቸው። የእኔን ጎሚስታ ቤትና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ የማንጎ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ወደ እኔ ይወድቃል፣ ቅጠሉን እሳቸው ይጠርጋሉ። ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አፍ ያወጣውን ሁሉ እንዳለ መጻፍ ሥራቸው ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሲያወራ ጣታቸው ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳል።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ልጃቸው ኢሬሻ በደንጌ ትኩሳት ሆስፒታል ተኝታ ሐኪሞቹ ፊታቸውን ባዞሩ ጊዜ፣ ተራራውን ለሚጠብቀው አምላክ ለሳማን ተሳሉ። «ልጄን ካተረፍክልኝ ላይ ወጥቼ መብራት አበራለሁ» አሉ። ልጅቷ ተረፈች። መብራቱ ግን አልበራም። አንዱን ዓመት ጉልበታቸውን አመማቸው፣ አንዱን ዓመት ሕዝቡ በዛ፣ አንዱን ዓመት ምርጫ ነበር። ኢሬሻ አገባች፤ የመጀመሪያው ጽንስ በአምስት ወሩ ወረደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ያኔም ቢሆን ማንም ምንም አላላቸውም። ባለቤታቸው ማሊኒ ብቻ አንድ ማታ የኮኮናት ዘይቱን ጠርሙስና የሸክላ መብራቱን ራት በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። አያ ጉናራትና ሩዛቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

አሁን ሦስተኛው ጽንስ ስምንት ወሩን አልፏል። ሰኞ ሆስፒታል ገብታ በቀዶ ጥገና ትወልዳለች። እኛ ለቅሶ ቤት ብስኩት የበላነው ዓርብ ማታ ነው።

እንዳይሄዱ ያላልኩት ነገር የለም። ደግሞ እኮ ተራራው ሲዘጋ የአምላኩን ምስል በሰልፍ አውርደው የሚያስቀምጡት እኛው ከተማ፣ ከጎሚስታ ቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ባለው ቤተ መቅደስ ነው። «አያ፣ ባለቤቱ እዚህ ሰፈር እያለ ባዶ ቤት ለማንኳኳት ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«የተናገርኩት ‹ላይ› ብዬ ነው» አሉኝ።

«እሱ ራሱ ታች ነው ያለው!»

«ቃሌ ላይ ‹ያለህበት› የሚል የለም፤ ‹ላይ› ነው የሚለው።»

ማሊኒ ደግሞ በአጥር በኩል ጠርታኝ «ዊጄ ወንድሜ፣ ብቻቸውን አትልቀቅብኝ፤ ልባቸው ደካማ ነው» አለችኝ። እኔ እስከማውቀው የደከመው ጆሯቸው ነው፤ የሰው ምክር አይገባበትም። ግን ለማሊኒ እምቢ ማለት አልችልበትም። ሳምንቱን ሙሉ ሥጋም ደረቅ ዓሣም ሳልቀምስ ምስር እየበላሁ ከረምኩና ዓርብ ጠዋት ሦስት አውቶቡስ ቀያይረን መጣን።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልናዘዝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ተራራውንም ወጥቼው አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ዘንድ «ኮዱ» ይሉታል፤ ጀማሪ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነው ኮዱ የሚባለው። ኮዱ መሪውን ይከተላል፣ መሪው ያለውን ያደርጋል። አያ ጉናራትና በወጣትነታቸው ዘጠኝ ጊዜ ስለወጡ መሪዬ ሆኑ።

ከለቅሶ ቤቱ ወጥተን ቀዝቃዛው ወንዝ ጋ ስንደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ወንዙ ሞልቶ ያጓራል። አያ ጉናራትና ልብሳቸውን አውልቀው በሽርጥ ብቻ ቀሩ።

«ታጠብ» አሉኝ።

«አያ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ሲያጥበኝ ነው የዋለው።»

«ዝናብ ሬሳ ቤትም ላይ ዘንቧል። ታጠብ።»

ገባሁ። ብርዱ ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ አናቴን ሲመታኝ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

«እንዳትለው!» ብለው ጣታቸውን አነሱብኝ። ሕጉንም እዚያው፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነገሩኝ። ከዚህ ወንዝ በላይ «በረደኝ» አይባልም። «ደከመኝ» አይባልም። «አቀበቱ ከበደ» አይባልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ስንት ቀረን?» ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ያለ ሰው ጉዞውን አበላሸ፤ ስእለትም ካለው ስእለቱን አፈረሰ።

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ካሩናዋይ።»

ምሕረት ይሁን እንደማለት ነው። ተራራው ክፍት በሆነበት ሰሞን የሚወጣውና የሚወርደው ሁሉ በዚህ ቃል ሰላም ይባባላል። እኔ ግን በዚያች ሌሊት ያላልኩበት ምክንያት የለም። አልቅት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲጣበቅ «ካሩናዋይ» አልኩ። አልቅት እንዳይዘኝ የተቀባሁት ጨው በዝናቡ ታጥቦ አልቆ አራት አልቅት ባንድ ጊዜ ሲወጣብኝ ደግሜ አልኩ። የእጅ ባትሪዬ ለአፍታ ጠፍታ ጉልበቴን ከደረጃው ጋር ሳጋጨው ያልኩት ካሩናዋይ ቃሉ ያው ነው፤ ድምፁን ግን እናቴ ሰምታ ቢሆን በጥፊ ታጮለኝ ነበር።

ሰው ሲያማርር ግማሹ ሸክሙ ይቀልለታል። እኔ ሙሉውን ተሸክሜ ወጣሁ። ደረጃው አያልቅም፤ ጭጋጉም ከሦስት ደረጃ በላይ አያሳይም። ውኃው ከላይ እንደ ቦይ እየወረደ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ በተረከዜ በኩል ይወጣል። በሰሞኑ ቢሆን በየመቶ እርምጃው ሻይ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ አሮጊቶችን የሚደግፍ ወጣት አለ። አሁን ያለነው እኔ፣ አንድ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌና የዝናቡ ድምፅ ነን። ሽማግሌው ደግሞ በየሃያ ደረጃው ይቆማሉ። ደከመኝ ለማለት ስለማይችሉ ሰበብ ይፈልጋሉ።

«እስቲ ይህን ድንጋይ እንየው» ይላሉ።

«ምን አለው አያ?»

«ጥሩ ድንጋይ ነው።»

አየነው። ከዚያም ሌላ ድንጋይ አየን። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያየነውን ድንጋይ ብዛት ችሎት ፊት ብጠየቅ እመሰክራለሁ። ቤቴን አሰብኩ። አልጋዬን አሰብኩ። ሚስቴ ትናንት ለራሷ ብቻ የጠበሰችውን ደረቅ ዓሣ ሳስብ ደግሞ እንባዬ ሊመጣ ነበር። በሐምሌ ዝናብ ምን ቆርጦኝ የሰው ስእለት ልፈጽም እንደወጣሁ ራሴን እየጠየቅሁ፣ ያቺን «ስንት ቀረን» የምትል ጥያቄ እንደ ትኩስ ድንች ጉንጬ ውስጥ እያገላበጥኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ተከተልኳቸው።

ሊነጋ ሲል የመጨረሻው አቀበት ላይ ደረስን። እዚያ ደረጃው ደረጃ መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ይሆናል፤ የብረቱን መደገፊያ ይዘህ ራስህን ትጎትታለህ። አያ ጉናራትና ከፊቴ ናቸው። ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ግንባራቸውን እላዩ ላይ አሳረፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልባቸው ይሆን ብዬ ደንግጬ ስጠጋቸው፣ ሳይዞሩ ጥርት ባለ ድምፅ፦

«ስንት ቀረን?» አሉ።

ዝናቡ ራሱ ያቆመ መሰለኝ፤ ግን አላቆመም።

ቀስ ብለው ዞሩ። የባትሪዬ ብርሃን ሲያርፍባቸው ፊታቸው ዓመድ መስሏል።

«ዊጄ፣ ምን አልኩ?»

«አልሰማሁም።»

«ሰምተሃል።»

«በዚህ ዝናብ? አያ፣ የራሴን ሐሳብ እንኳ መስማት ካቃተኝ ሁለት ሰዓት ሆኖኛል።»

«‹ስንት ቀረን› ብያለሁ» አሉና ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። ጣታቸው ጭናቸው ላይ ትንቀሳቀሳለች፤ ቃሏን እየጻፏት ነው። «ሰባት ዓመት አቆይቼ፣ ሁለት የልጅ ልጅ አሳጥቼ፣ መጨረሻው ጋ ደርሼ በአፌ አፈረስኩት። እንውረድ።»

«ወዴት?»

«ወንዙ ድረስ። ታጥቤ እንደገና እጀምራለሁ።»

እንግዲህ እኔ ትዕግሥተኛ ሰው ነኝ። ጎሚስታ ትዕግሥት ከሌለው ሥራው አይሆንለትም። ያን ጊዜ ግን አንጀቴ ተቃጠለ።

«እርስዎ ሰውዬ!» አልኩ። አያም አላልኩ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወርደው፣ ታጥበው፣ በዚህ ጉልበት እንደገና ሲወጡ እሑድ ይሆናል። ከወጡ ነው! ኢሬሻ በሐኪም ትእዛዝ በግራ ጎኗ ተኝታ ቀን ትቆጥራለች፣ እርስዎ እዚህ ቃል ይቆጥራሉ። ሰኞ ጠዋት አባቷ በራፉ ላይ ቆሞ እንዲያያት ነው የምትፈልገው ወይስ ከገደል ሥር ተለቅሞ እንዲመጣላት?»

«ባትጮህብኝ።»

«እጮሃለሁ! ‹አትጩህ› የሚል ሕግ አልነገሩኝም!»

ግን አልተነሡም። ጠርሙሱን የጠቀለሉበትን ጨርቅ አጥብቀው ይዘው ወደ ታች፣ ወደ ጭጋጉ ያያሉ። ቢያንስ ለራሳቸው ቢያዝኑ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው የሚያዩት ልጃቸውን ነው። ያቺ ቃል ከአፋቸው ወጥታ ቁልቁል እየተንከባለለች ሆስፒታሉ ድረስ የምትሄድ ነው የመሰላቸው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውኃው በታች በኩል ገባኝ። «እሺ» አልኩ ለስለስ ብዬ፣ «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት። አንድ ሰው የተፈረደበት ፍርድ ካልተዋጠለት ምን ያደርጋል?»

«ይግባኝ ይላል።»

«የት?»

«ከላይ ላለው ፍርድ ቤት።»

«ይኸውልዎት። ይግባኝ ወደ ላይ ነው እንጂ ወደ ታች ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? ላይ ክረምቱን ቤቱን የሚጠብቁ መነኩሴ አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይውጡና ይጠይቋቸው። ‹ውረድ› ካሉ እኔው ራሴ አወርድዎታለሁ፣ ወንዙም ውስጥ አብሬዎት እገባለሁ።»

ጣታቸው ቆመች።

«ሥርዓቱን የጠበቀ ነው» አሉና ብረቱን ያዙ።

የቀረውን እንዴት እንደወጣነው አትጠይቁኝ፤ አይጠየቅማ። ብቻ አንድ ጊዜ ደረጃው አለቀና ነፋስ ፊታችንን መታን። ከዚያ በላይ ሰማይ እንጂ መሬት የለም፤ ሰማዩም አይታይም። የላይኛው ቤተ መቅደስ በር በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል፣ ሰንሰለቱ ዝጓል። ምሥራቁ ሊነጋጋ ይሞክራል፣ ጭጋጉ እምቢ ይለዋል። ሰው በሰሞኑ ሌሊቱን ሙሉ ወጥቶ የሚያየው የፀሐይ መውጣት ለእኛ አንድ ግራጫ ጨርቅ ወደ ሌላ ግራጫ ጨርቅ ሲለወጥ ሆነ። ልናገረው የምፈልገው ብዙ ነበር፤ «ካሩናዋይ» ብዬ ዝም አልኩ።

አያ ጉናራትና ከተቆለፈው በር ሥር፣ ግድግዳው ከነፋስ በሚከልልበት ጥግ ተንበረከኩ። ጨርቁን ፈቱ። የሸክላ መብራቱን አስቀምጠው ዘይቱን ሲያፈስሱ ግማሹ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። ክብሪቱን ማሊኒ በሦስት ላስቲክ ጠቅልላው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ረጥቧል። አንዱ ተሰበረ። አንዱ ጭሶ ቀረ። አንዱ በርቶ ነፋስ ወሰደው። እኔ ከጀርባቸው ሆኜ ሽርጤን ዘርግቼ ነፋሱን እከላከላለሁ፤ ነፋሱ ደግሞ ከሥር ገብቶ ሌላ ነገር ያቀዘቅዛል። ክብሪቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንዱ ያዘ። ፈትሉ ትንሽ ተንጣጣና በራ።

ግንባራቸውን መሬት አስነክተው የልጃቸውን ስም ብቻ ጠሩ። ሌላ የጠየቁት ነገር አልነበረም። እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ ዝናቡም ጠቀመኝ፣ ማን ያየዋል።

በዚህ መሐል ከጎን ካለችው ጠባብ ቤት በር ተንቋቋና አንድ ቀጭን ሽማግሌ መነኩሴ ከብርቱካናማ ልብሳቸው ላይ የሱፍ ኮፍያ ደፍተው ወጡ። እኛንና መብራቱን ባንድ ላይ አዩን። ከታች ሰው መምጣቱ ብዙም የገረማቸው አልመሰሉም፤ ያስደሰታቸውም አልመሰሉም። ሁለታችንም ሰገድንላቸው።

አያ ጉናራትና ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ፍርድ ቤት ፊት እንዳሉ ሁሉ የረጠበውን ሸሚዛቸውን ወደ ሽርጣቸው ከተቱ።

«አባታችን፣ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ» ብለው ከደንጌው ትኩሳት ጀመሩ። ስእለቱን ቃል በቃል ተናገሩ። የዘገዩበትን ሰባት ዓመት አንድም ሰበብ ሳይጨምሩ ተናገሩ። ሁለቱን ጽንስ ተናገሩ። የለቅሶ ቤቱን ደጃፍ፣ ወንዙን፣ እስከ መጨረሻው አቀበት ድረስ ተናገሩ። «እዚያ ላይ ‹ስንት ቀረን› ብያለሁ። ጎረቤቴ አልሰማሁም ይላል። ሰምቷል።»

መነኩሴው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አልቅት ፍለጋ ወደ እግሬ አየሁ።

«ልጄ ሰኞ ነው የምትገባው» አሉ አያ ጉናራትና፤ ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ። «እውነቱን ይንገሩኝ። ስእለቴ ደርሷል ወይስ ወርጄ ከመጀመሪያው ደረጃ ልጀምር?»

መነኩሴው መብራቱን አዩ፤ ነበልባሉ ወዲያ ወዲህ እያለ ይታገላል። የአያ ጉናራትናን ጉልበት አዩ። የወጣንበትን አቀበት አዩ። ኮፍያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ።

«ወርደህ መውጣትህ ካልቀረ» አሉ፣ «ላምባ አልቆብኛል፤ አንድ ጀሪካን ይዘህልኝ ና።»